የሕመም ዋስ

ዘምዘምን ላገባ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ፣ እናቷ ልጃቸውን ያመሰገኑት በወጥ ሥራዋ ወይም በመልኳ አልነበረም። «እንባዋ ቅርብ ነው» አሉ። «እንቅፋት ቢመታት ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።» ሽማግሌዎቹ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው እንዲያውም «በሉ እንግዲህ፣ ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን!» ብሎ ለምርቃት እጁን ዘረጋ።

ዛሬ ሰው ሲያገባ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ወንዱም ፊቷ ቶሎ የሚከፋ ሚስት ይፈልጋል፣ ሴቷም በትንሹ የሚያነባ ባል። የሐኪም ቢላዋ የማይጎበኘው ቤት የለማ! የሕመም መድኃኒት ደግሞ ያለ ዋስ አይሰጥም።

ዋስ ማለት በሽተኛው ፊት ለፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። በሽተኛው በታሰረው ልክ የሱም ክንድ ይታሰራል። ግድግዳው ላይ ያለችው ዓይን ፊቱን ታያለች፣ ፊቱ ላይ ባየችው ሕመም መጠንም ለበሽተኛው መድኃኒት ታንጠባጥባለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ድሮ በሽተኛው ራሱ «አመመኝ» ሲል ይሰጠው ነበር አሉ። ከዚያ ሰው ሳያመው አመመኝ ማለት ለመደ፣ መድኃኒቱም አነሰ፣ መንግሥትም «ዋስ ጥራ» አለ። በአፍ ይዋሻል፣ በገዛ ክንድ ግን ማን ይዋሻል? እርግጥ መጀመሪያ ሰሞን ሽንኩርት በመሐረብ ቋጥረው የሚገቡ ነበሩ። ዓይኗ ግን የሽንኩርት እንባና የሕመም እንባ ለይታ ታውቃለች። የኛ ሰፈር እድር እንኳ ከድንኳንና ከድስት ይልቅ በዋስ ነው የሚታወቀው። ቤተሰብ የሌለው አባል ቢታመም አልቃሽ አባል ይመደብለታል፣ አልቀመጥም ያለም ሲሞት ቀባሪ የለውም።

እኔ እንድሪስ እባላለሁ፣ ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጉልበቴን የሰበርኩት የገዛ ቤቴ ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ነው፣ ይህ ነው የሚባል ጀግንነት የለበትም። ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቡኝ። ሲስተር እናኑ የምትባል ነርስ ወገቤን ወጋችኝና ከወገቤ በታች ያለው ሰውነቴ የሌላ ሰው ዕቃ ሆነ። ሐኪሙ ያለው ባሕር ዳር ነው። እዚህ ያሉት እጆቹ ብቻ ናቸው፣ ከጣራ የተንጠለጠሉ ሁለት የብረት እጆች። ጨዋ ሰው ነው፣ በድምፅ ማጉያው «እንዴት አደርክ፣ እንድሪስ?» ብሎኛል።

ከዚያ ጭኔን አሰሩት። ደም ወደ ጉልበቴ እንዳይወርድ፣ ሐኪሙም አጥንቱን ጥርት አድርጎ እንዲያይ የሚታሰር ሰፊ ማሰሪያ ነው፣ በአየር ይነፋል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ቢላዋውን ነው። ተሳስቷል። ቢላዋውን አታውቀውም፣ የወገቡ መርፌ ይዞልሃል። ማሰሪያውን ግን መርፌው አይችለውም። መጀመሪያ ዝም ይላል። ሐኪሙ ሥራው መሀል ሲደርስ፣ የሞተ የመሰለህ ጭን ከውስጥ ይነቃል። በቆዳህ ላይ አይደለም፣ እሱን ብታክከውም አይሰማህም። ከአጥንቱ ነው የሚነሳው። ወዲህ ብትል ወዲያ አይለቅህም። መድኃኒቱም ለዚህ ሕመም ነው፣ ዋሱም ለዚህ ሕመም ነው።

ዘምዘም ከእግሬ በኩል፣ ከመስታወቱ ማዶ፣ የዋስ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዋስና በሽተኛ መተያየት አለባቸው ይላል ሕጉ። ሲስተር እናኑ ክንዷን አሰረችና እንዲህ አለቻት፦

«እህቴ፣ ማልቀስ ትችያለሽ፣ መጮህ ትችያለሽ፣ መሳደብም ትችያለሽ። መነሳት ብቻ አትችይም። የተነሳ ዋስ ዋስትናው ፈርሷል፣ ለዚያ በሽተኛ ተመልሶ አይቀመጥም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አለች ዘምዘም።

«ሽንት ቤት?»

«ሄጃለሁ።»

«ብዙ ሰው የሚያፈርሰው በሱ ነው» አለች ሲስተር እናኑና ማሰሪያውን ነፋችው።

ጉድ ነች እኮ ዘምዘም! ገና አየሩ ሲገባ «ወይኔ እናቴ!» አለች። ፊቷ ተጨማደደ፣ እንባዋ ግጥም አለ። ከራስጌዬ የተሰቀለችው ብልቃጥ ጠብ አለች። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ። ጭኔ ውስጥ ሊነሳ ያንጎራጎረው ነገር ጭራሽ ሳይጀምር ተኛ። የምወዳትን ሴት እያየሁ፣ ክንዷ ሲጠቁር እያየሁ፣ አልሃምዱሊላህ አልኩ። ምን ላድርግ? ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው።

«አብሽሪ፣ የኔ እመቤት» አልኳት በማጉያው።

«አንተ አብሽር!» አለች እያነባች። «እኔ ገና ብዙ አለኝ።»

ሐኪሙ ከባሕር ዳር «እንዲህ ያለች ዋስ ነው የሚያስፈልገው» ብሎ አመሰገናት። የብረት እጆቹ ጉልበቴ ውስጥ ሲቆፍሩ ይሰማኛል፣ ሰው ጎረቤት ቤት ምስማር ሲመታ እንደምትሰማው ነው። ስለ ሱቄ አሰብኩ፣ ለዓረፋ የተቀበልኳቸው ቀሚሶች ነበሩ። እንቅልፍ እንኳ ሊወስደኝ ሲል የዋስ ክፍሉ በር ተከፈተ።

በሩ አይቆለፍም። ሊቆልፉት ሞክረው ነበር። የኛን አገር ጠያቂ ግን ማን ይችለዋል፣ በር ሰብሮም ቢሆን «እግዜር ይማርህ፣ አላህ ያሽርህ» ሳይል አይመለስም። የገባው አባቴ ነው፣ ሙሄ ይመር፣ የሐይቅ ከተማ ሰው፣ ነጭ ጥምጥሙን አድርጎ፣ ከዘራውን ይዞ። እንዳይመጣ ነግረነው ነበር። በዚህ ዕድሜህ አትንከራተት፣ ሲሻለው ራሱ ይመጣልሃል ብለነው ነበር።

ዘምዘምም ብድግ አለች።

አስባው አይደለም። እንዴት ብላ ታስበዋለች? ምራት ናት፣ አማቷ ገባ። አማት ቆሞ ምራት ስትቀመጥ የት አገር ታይቷል! እግሯ ከሷ ቀድሞ ተነሳ፣ ማሰሪያው ከክንዷ ተላቆ ወደቀ፣ እሷም ጎንበስ ብላ ትከሻውን ልትስም እጇን ዘረጋች። አባዬም እንደ ወጉ «ኧረ በአላህ አትነሺ! ወላሂ አትነሺ!» አለ። ይህ የሚባለው ሁልጊዜ ሰው ከተነሳ በኋላ ነው።

የግድግዳዋ ዓይን ቀይ ሆነች። ብልቃጧ አንዲት ጠብታ አፏ ላይ ይዛ ቀረች፣ ጠብታዋም አልወረደችም።

ዘምዘም ያን ጊዜ ገባት። «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» ብላ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች፣ ማሰሪያውን ከመሬት አንስታ በገዛ ጥርሷ እየሳበች ክንዷ ላይ ልታጠልቀው ታገለች። የግድግዳዋ ዓይን ንቅንቅ አላለችም። ሲስተር እናኑ ሮጣ መጥታ ክንዷን ያዘቻት።

«እህቴ፣ ፈርሷል። ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«አማቴ ናቸው! አማቴ ናቸው እኮ!»

«አውቃለሁ። እኔም ምራት ነኝ» አለች ሲስተር እናኑ። ከዚያ ወለሉ ላይ ከተሰመረው ቢጫ መስመር ኋላ አቆመቻት።

ሕመሙ ሲመጣ እንደ እንግዳ አልነበረም፣ ባለቤት ሆኖ ነው የመጣው። መጀመሪያ ጭኔ ከበደኝ። ከዚያ ሞቀ። ከዚያ ፍም ከአጥንቴ ውስጥ አስቀምጠው የሚያናፉብኝ መሰለኝ። ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ ደረቴን ደበደበው። ልንፈራገጥ ብል የሚንፈራገጥ እግር የለኝም፣ ከወገቤ በታች ሬሳ ነው፣ ሬሳው ግን ያማል።

«ፍቱልኝ! በአላህ፣ ማሰሪያውን ፍቱልኝ!»

«አጥንትህ ተከፍቶ ነው ያለው፣ እንድሪስ» አለ ሐኪሙ በዚያው በጨዋ ድምፁ። «አሁን ብፈታው ደም ይሞላብኛል፣ እግርህን ታጣለህ። ቶሎ እጨርሳለሁ፣ ግን ገና ነኝ።»

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒቱ አለ» አለች ሲስተር እናኑ። «ዋስ ነው የሌለው።»

እሷ ራሷ እንዳትቀመጥ ሠራተኛ ዋስ አይሆንም። የእድሩን ሰው እንዳይጠሩ እስኪመጣ እኔ አልቄያለሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሌላ ሰው አባቴ ነው። እሱም የሆነውን ቀስ በቀስ ተረዳ። ከዘራውን ለዘምዘም ሰጣት፣ ጋቢውን አወረደ፣ እጅጌውን ጠቀለለ።

«ልጄ አይደለም እንዴ» አለ። «እሰሩኝ።»

አሰሩት። ክንዱ የደረቀ እንጨት ነው፣ ማሰሪያው ሁለት ጊዜ ዞረው። ሲስተር እናኑ ነፋችው። እኔ ብልቃጧ ላይ አፈጠጥኩ። ጠብታዋ እዚያው ናት።

«አባባ፣ ያምዎታል?»

«አልሃምዱሊላህ።»

«አይ፣ ያምዎታል ወይ ነው ያልኩት።»

«ያማል እንጂ፣ እንዴት አያምም» አለ አባዬ፣ ገበያ ውሎ እንደመጣ ሰው በረጋ ድምፅ።

«ፊትዎ ላይ አይታይም።»

«በፊቴ ምን ሊታይ፣ ልጄ? ሕመሙ ያለው ክንዴ ላይ ነው።»

አባቴን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐይቅ ላይ «ሶብሩ ሙሄ»፣ ታጋሹ ሙሄ፣ ይሉታል። እናቴ ስትቀበር ሰው ሁሉ ሲንሰቀሰቅ እሱ ለቀባሪው ውሃ ያቀብል ነበር። ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ ሲነቀል ከነቃዩ ጋር ስለ ዝናብ ያወራ ሰው ነው። ልጆች ሳለን በዚህ ስንኮራበት ለጉድ ነው! ያን ፊት ብወርሰው ብዬ ስንት ዘመን ተመኝቻለሁ። አሁን ያ ፊት ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጦ ያየኛል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ያየኛል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ጣቶቹ ጠቁረው አብጠዋል። እያመመው ነው። ወላሂ እያመመው ነው! ዓይኗ ግን ጣት አታይም፣ ፊት ብቻ ነው የምታየው።

«አባዬ፣ አልቅስልኝ!»

«በሰው ፊት?»

«አባዬ፣ እየሞትኩ ነው! አልቅስ በአላህ!»

አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሊሞክር ነው። በሕይወቱ አልቅሶ የማያውቅ ሽማግሌ፣ በምራቱ ፊት፣ በማያውቃት ነርስ ፊት፣ ፊቱን ሊያጨማድድ ታገለ። አፉን ወደ አንድ ጎን ወሰደው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ «እ… እ…» አለ። ሎሚ የነከሰ ሰው ይመስላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ግድግዳው በሴት ድምፅ ተናገረ፦ «የታየው ፊት እውነተኛ አይደለም። ዋሱ እንዳይዋሹ ይመከራሉ።»

አባቴ በዕድሜው ሙሉ ውሸታም ተብሎ አያውቅም። ፊቱ ተመልሶ ድንጋይ ሆነ፣ ከበፊቱም የባሰ ድንጋይ።

«አልችልበትም፣ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «እያመመኝ ነው፣ ግን አልችልበትም።»

ያን ጊዜ ሰደብኩት። ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም። ልበ ደረቅ፣ ድንጋይ፣ ለእናቴ እንኳ ያላለቀስክ፣ አልኩት። እንዲከፋው ብዬ ነው፣ ደግሞም ከልቤ ነው። ስድቤን ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማ። «ልክ ነህ» አለ። ዓይኗም አልተንቀሳቀሰችም፣ ስድብ ለሱ ከሕመም አይቆጠርም ነበር።

ከቢጫው መስመር ኋላ ዘምዘም እንባዋን እያዘራች ትንሰቀሰቃለች። ያ ሁሉ እንባ! ብልቃጡን በሞላው ነበር፣ ግን ከዋስትና የወጣ ሰው እንባ ነውና መሬት ላይ ነው የፈሰሰው። አንዴ እኔን ታያለች፣ አንዴ እሱን ታያለች። እኔ ምላሴን ነክሼ ደም ይወርደኝ ጀምሯል። ድንገት ማልቀሷን አቆመች። አፏን በሻርፗ ጠረገች።

«አባባ» አለች። «ለምን መጡ ዛሬ? አይምጡ ብለንዎት አልነበር?»

«ልቤ አላርፍ አለኝ» አለ አባዬ። «እሱ ይቀደዳል ትላላችሁ፣ ያቺ ጦይባ ደግሞ ስልክ አታነሳም። ከሰመራ ሁለት ቀን ሳትደውል አልፋ አታውቅም። ባሏም አያነሳም። እህትና ወንድም ባንድ ቀን ምን ነካብኝ ብዬ…»

ጦይባ ታናሽ እህቴ ናት። አባዬ ያዘለው እሷን ብቻ ነው፣ እናታችን ስትሞት ገና ጡት አልጣለችም ነበር።

«ጦይባ ስልክ አታነሳም» አለች ዘምዘም።

«እኮ፣ ለምን?»

ሲስተር እናኑ ቀድማ ነቃች መሰለኝ፣ «እህቴ…» ብላ አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ብልቃጡ አየች፣ ቆመች።

«ሞታለች» አለች ዘምዘም። «ጦይባ ሞታለች፣ አባባ። ማክሰኞ ተቀብራለች። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መርዶውን ይዘውልዎት ሊመጡ ነበር።»

መርዶ በኛ አገር እንዲህ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ በር አንኳኩቶ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ደግፎ ይዞት ነው ሰው መርዶ የሚረዳው። ክንዱን ታስሮ፣ ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጦ መርዶ የሰማ ሰው አባቴ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ለበሽተኛም መርዶ አይነገርም። ከኔም ደብቀውት ነበር።

«ኢና ሊላሂ» አለ አባዬ። ቃሉን እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ፊደል ሳይስት ጨረሰው። ፊቱ አሁንም ድንጋይ ነው። በቃ፣ ይሄም አልሠራም ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል የታችኛው ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊይዘው ሞከረ። አልያዝ አለው። አገጩ ተከተለው፣ ጉንጩ ተከተለው፣ ፊቱ ሁሉ ተንዶ ወረደ፣ ከውስጡም ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ወጣ። «ጦይቤ!» አለ። «ጦይቤ! ጦይቤ!»

ብልቃጧ ተንፎለፎለች።

ዘምዘም እንኳ በደህናው ጊዜ እንዲህ አላፈሰሰችልኝም። ጭኔ ውስጥ ያለው ፍም በአንድ ትንፋሽ ጠፋ። ደረቴ ተከፈተ፣ አየር ገባልኝ፣ መላ ሰውነቴ ማር ማር አለ። እህቴ መሞቷን ሰማሁ። ጠጉሯን እየጎነጎንኩ ትምህርት ቤት የምሸኛት እህቴ። ሰማሁ፣ ገባኝም። ደስ አለኝ። ፊቴ ላይ ፈገግታ ነበር፣ ዘምዘም አይታዋለች።

«ጎበዝ፣ አባባ!» ትላለች ሲስተር እናኑ ትከሻውን እያሻሸች። «ጎበዝ! እንዲሁ ይቀጥሉ።»

«ጥሩ ነው» አለ ሐኪሙ ከባሕር ዳር። «ብሎኖቹ ቀርተውኛል። እንዲህ ከያዙልኝ እጨርሳለሁ።»

አባቴ ግን አባቴ ነው። ጥቂት እንዳለቀሰ በነጻው እጁ የጥምጥሙን ጫፍ ስቦ ፊቱን ጠረገ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ» አለ ለራሱ። «ሶብር ነው። ሶብር ነው እንጂ ሌላ ምን አለ።» ከንፈሩ ረጋ። አገጩ ረጋ። ዓይኖቹ ብቻ ቀልተው ቀሩ።

ብልቃጧ ቀዘቀዘች። ጠብ… ጠብ… ከዚያ ረጅም ዝምታ። የብረት እጆቹ ገና ይሠራሉ። ጭኔ ከአጥንቱ ሞቀ። መምጣቱን አወቅሁት፣ አሁን ደግሞ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ገና ሳይደርስ ፈራሁት። ከፍርሃቱ ሌላ በውስጤ ምንም አልነበረም፣ ጦይባም አልነበረችም።

«ዘምዘም» አልኩ።

«ወይ፣ እንድሬ?»

«እንዴት እንደሞተች ንገሪው።»

አባዬ ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ። ምን ያለ አስተያየት እንደነበር መናገር አልችልም፣ እኔ የማየው ብልቃጡን ነበር።

«እሱንስ ተወኝ» አለች ዘምዘም። ድምፏ ሹክሹክታ ሆነ። «እሱን እንኳ ሽማግሌዎቹም አይነግሯቸውም ተብሏል። ለአባት የሚነገር አይደለም፣ እንድሬ።»

«ንገሪው!» አልኩ። «ቀስ እያልሽ ንገሪው።»

ነገረችው። መድኃኒቱ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ድረስ አልተቋረጠም።